እናቴ ተኝታለች

ሃረገወይን አልተኛችም ነበር። ልጇ ሃይለኣብ አትላስ አካባቢ በተከራየው ቤት ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብላ፣ ቴሌቪዥኑን ድምፁን አጥፍታ ትጠብቅ ነበር። ውጭ አገር ያለው የዓይን ሐኪም ስለ አዲሱ ምርመራዋ በቪዲዮ ሊያነጋግራቸው ቀጠሮ ይዞላቸዋል። ሰዓቱ ሲደርስ ግን ሃይለኣብ «ኔትወርኩ ውስጥ ይሻላል» ብሎ ላፕቶፑን ይዞ መኝታ ቤት ገባ። እህቱ ሉዋምም ተከተለችው። በሩ ተዘጋ።

ሃረገወይን ጉርድ ሾላ መጋረጃ ቤት አላት። ባሏ ከሞተ በኋላ ሁለቱን ልጆቿን ያሳደገችው በዚያ ሱቅ ነው። ከደንበኛም ከአከራይም ጋር ፊት ለፊት ተነጋግራ የኖረች ሴት ናት፤ ከበር ኋላ የሚወራ ነገር አትወድም። ቢሆንም ታገሰች። ሃይለኣብ ኤርፖርት ካርጎ ክፍል፣ ሉዋም ደግሞ ባንክ ነው የሚሠሩት፤ የሐኪም ቋንቋ ከእኔ ይልቅ ይገባቸዋል ብላ ነገሩን ከመጀመሪያው ለእነሱ ትታላቸው ነበር። ክረምት ላይ ክሊኒክ ወስደው ያስመረመሯትም፣ ውጤቱን ፎቶ አንስተው ለዚህ ሐኪም የላኩትም እነሱ ናቸው። ያኔ «ምን አለ?» ብላ ስትጠይቅ ሉዋም «ድካም ነው እማ፤ ጠብታ አዟል፤ ይሻልሻል» አለቻት። ጠብታውን ጨረሰች፤ ዓይኗ አላመማትም፤ ተወችው።

አሁን ከሶፋው ተነሳች። ለሐኪሙ የምትነግረው ነገር ነበራት። በቀደም ክሊኒኩ ውስጥ አገጯን ማሽኑ ላይ አስደግፋ፣ ብርሃን ብልጭ ባለ ቁጥር ቁልፉን ተጫኚ ስትባል፣ ብዙ ጊዜ ምንም ሳይታያት ዝም ብላ ቆይታ ነበር። ይሄን ማንም የነገረው አልመሰላትም። የበሩን እጀታ እንደያዘች የማታውቀው ሰው ድምፅ ከውስጥ ሰማች።

«እሳቸውን ራሳቸውን ላነጋግራቸው እችላለሁ?»

«እናቴ ተኝታለች፣ ዶክተር» አለ ሃይለኣብ።

በሩን ከፈተችው።

ሃይለኣብ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠ ደርቆ ቀረ። ሉዋም «እማ…» ብላ ብድግ አለች። ሃረገወይን ሁለቱንም ዞር ብላ አላየቻቸውም። ወንበር ስባ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠችና ነጠላዋን አስተካከለች። ስክሪኑ ላይ መነጽር ያደረገ ጎልማሳ ሰው አለ።

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ሃረገወይን ነኝ። አልተኛሁም።»

ዶክተር ኣምደሚካኤል ትንሽ ግር አለው። «ጤና ይስጥልኝ እናቴ። እንኳን መጡ። ጠብታውን እንዴት እየተጠቀሙ ነው?»

«የቱን? ያለቀውን?»

«መቼ ነው ያለቀው?»

«መስከረም ውስጥ መሰለኝ።»

«ከዚያ ወዲህ አልጨመሩም?»

«ለድካም የተሰጠ ጠብታ እስከ መቼ ነው የሚጨመረው?»

ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ። «ለድካም? ሃይለኣብ፣ እኔ እኮ…»

«እሱን ይተዉት» አለች ሃረገወይን። «እኔን ያነጋግሩኝ። ዓይኑ የኔ ነው።»

ሐኪሙ ነገራት። በሽታው ግላኮማ ይባላል፤ ዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ነርቩን ቀስ እያለ ይጎዳዋል፤ አያምም። የግራ ዓይኗ ዳር ዳሩን ማየት ካቆመ ቆይቷል። «የጠፋው አይመለስም» አላት። «ጠብታው የተረፈውን ለማቆየት ነበር፤ በየምሽቱ፣ ዕድሜ ልክዎን። ባለፈው ለልጆችዎ ነግሬያቸዋለሁ። አዲሱ ውጤት ግን ከበፊቱ ብሷል። ቀኙንም ጀምሮታል።»

ሃረገወይን መጀመሪያ ያሰበችው ዓይኗን አልነበረም። አዝመራን ነው ያሰበችው። አዝመራ ሱቋ ውስጥ ለብዙ ዓመት የሰፋችላት ሴት ናት። ባለፈው ወር ሃረገወይን በግራ በኩል የነበረ በርጩማ አደናቅፏት ወድቃ፣ ደንበኛ ፊት «ሆን ብለሽ ነው መንገዴ ላይ የምታስቀምጪው!» ብላ ጮኸችባት። አዝመራ «እትዬ፣ እሱ ሁሌም እዚያው ነው የሚቀመጠው» አለች። ከዚያ መቀሷን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወጣች፤ አልተመለሰችም።

ደሟ ፈላ። ወደ ልጆቿ ዞረች።

«ስንት ጊዜ ጠየቅኋችሁ?»

«እንዳትደነግጪ ብለን ነው እማ» አለች ሉዋም፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «ጭንቀት ይጎዳሻል ብለን…»

«ልደንግጣ! የራሴን ድንጋጤ ምን አድርጉልኝ አልኳችሁ? አባታችሁ ሲሞት ልጆች ናቸው ብዬ ደበቅኋችሁ? አስቀምጬ የነገርኳችሁ እኔ አይደለሁም?»

«ጠብታውን እኮ አስታውሼሽ ነበር» አለ ሃይለኣብ ቀስ ብሎ።

«‹ካለቀ ንገሪኝ› ነው ያልከኝ። ካቆምሽ ትታወሪያለሽ አላልከኝም!» ድምፏ ቤቱን ሞላው። «ሰው አባረርኩ በእናንተ ውሸት። ሰው! ጥፋቱ የኔ መሆኑን እንኳ እንዳላውቅ አደረጋችሁኝ።»

«ይቅርታ እማ…»

«ይቅርታህን ያዘው። አሁን አልፈልገውም።»

ሐኪሙ ሳያቋርጥ ጠበቀ። ሃረገወይን ወደ እሱ ዞረች።

«እታወራለሁ?»

«አላውቅም» አላት። «እኔ የማየው የተላከልኝን ፎቶ ነው፤ ግፊቱን እዚያው አገር ያለ ሐኪም መለካት አለበት። ነገ ይሂዱ። ጠብታውን ዛሬ ይጀምሩ። ምናልባት ቀዶ ጥገና ያስፈልግ ይሆናል። በቶሎ ከሠራንበት የተረፈው ይቆያል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ቃል ግን አልገባልዎትም።»

በዚያ ቀን ከሰማችው ሁሉ ልቧ ያረፈበት ይሄኛው ነው። ማባበል የለበትም። የስልክ ቁጥሯን ነገረችው፤ «ከዛሬ ጀምሮ የሚደውሉት ለኔ ነው» አለችው።

ሃይለኣብ የመኪና ቁልፍ ይዞ እስከ ደረጃው ተከተላት። ዞራም አላየችው። ታክሲ ጠርታ፣ መንገድ ላይ መድኃኒት ቤት አስቁማ፣ ጠብታውን ራሷ ገዛች። በማግስቱ ክሊኒክ ከመሄዷ በፊት አዝመራ ቤት ሄዳ በር ላይ ቆማ ሁሉንም ነገረቻት። አዝመራ «በልጆችዎ ጥፋት እኔ ላይ ጮኹብኝ ማለት ነው?» አለች።

«አይ» አለች ሃረገወይን። «የጮህኩት እኔ ነኝ። ያለእነሱም መጮህ አልነበረብኝም።»

አዝመራ ያኔውኑ እሺ አላለችም። ተቆጥታ ነበር፤ ሃረገወይንም እንድትቆጣ ተወቻት። አዝመራ ወደ ሱቁ የተመለሰችው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ራሷ በመረጠችው ቀን፣ ደሞዝ አስጨምራ።

ቀዶ ጥገናው ከገና በኋላ ተሠራ። ልጆቹ በየቀኑ ይመጡ ነበር፤ ምግብ ያመጣሉ፣ ትበላለች፤ ያወራሉ፣ አጭር አጭር ትመልሳለች። ዶክተሩ ሲደውል ግን ተነስታ ሌላ ክፍል አትገባም፤ እዚያው ፊታቸው ተቀምጣ ታወራለች፤ ማንም ጣልቃ አይገባም።

ለክትትሉ ክሊኒክ በሄደችበት ቀን ሁለቱም ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው ጠበቋት። ስትወጣ ተነሱ። ሃረገወይን ቆማ፣ ምንም ሳታስቀር ነገረቻቸው፤ ቀኙ ባለበት ቆሟል፤ የግራው እይታ ከጠፋው ሌላ ትንሽ ጠፍቷል፤ ያም ጠብታ ሳትጨምር በከረመችባቸው ወራት የጠፋ ነው። ሃይለኣብ ፊቱን አዞረ። ሉዋም አለቀሰች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ታባብላት ነበር። አሁን እንዲያለቅሱ ተወቻቸውና የሚቀጥለውን ቀጠሮ ልትይዝ ወደ ቀጠሮ መስጫው መስኮት ሄደች።