እስትንፋሱ የተባረከለት ዋዝ

ክንፈ ዛሬም በሕይወት ስላለ፣ ይህን ሳወራ ቢሰማኝ ይስቃል እንጂ አይቀየመኝም። የመሐል ሜዳ ሰው ነው። በደርግ ጊዜ የጦሩ ሹፌር ነበር፤ ደርግ ሲወድቅ መኪናውንም ጠመንጃውንም አስረክቦ በእግሩ አገሩ ገባ። ጌታነሽን አገባ፣ ገብሱን ዘራ፣ በጎቹን አረባ። ምን ልበላችሁ ልጆቼ፣ ምንም ያልጎደለው ሰው ሆነ። ምንም ያልጎደለው ሰው ደግሞ ጣጣ ይጎድለዋል፤ እሱንም ፈልጎ አገኘው።

ጣጣው ከአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ጥግ ቆሞ ነበር። ዋዝ ነው፤ ያ ጦሩ ይነዳው የነበረ፣ አራቱም ጎማው የሚስብ የሩሲያ መኪና። ጎማው ይስባል ስላችሁ ጎማ ነበረው ማለቴ አይደለም። ጣሪያውም የለ፣ መስተዋቱም የለ፤ ሞተሩ ላይ ዶሮ እንቁላል ትጥልበታለች። ክንፈ በሐራጅ ገዛውና ጎረቤቱን ሁሉ ለምኖ፣ በሰው ጫንቃ አስገፍቶ ግቢው አስገባው።

ጌታነሽ ደጃፉ ላይ ቆማ አየችው። «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«መኪና ነዋ!»

«ሬሳ እኮ ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚወጣው፤ አንተ ምነው ከውጭ ወደ ቤት አመጣህ?»

ክንፈ ሳቀ። የሳቀውም የመጨረሻ ጊዜ ያኔ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ለወራት ፊቱን ያየው የለም። ቀኑን ሙሉ ዋዙ ሥር ስለሚውል ለእኛ የሚታየን እግሩ ብቻ ነበር። «እንደምን አደርክ ክንፈ» ስንል እግሩ ይነቃነቅልናል። እኛም እግዜር ይስጥልን ብለን እናልፋለን።

እንዲህ ከርሞ መኪናው ነፍስ ዘራ። ክንፈ ግን ነፍስ መዝራቱ ብቻ አልበቃውም። ከተገለበጠ የጭነት መኪና ባሌስትራ፣ ያን ሸክም የሚያነጥር ድርብርብ ብረት፣ አምጥቶ ከፍ አደረገው፤ አየት አደረገና አሁንም አነሰ ብሎ ሌላ ደረበበት። ደብረ ብርሃን ወርዶ ወፋፍራም ጎማና የሸራ ጣሪያ አመጣ። ለፊቱ ግጭት የሚመክት ፓራውልት ከታንክ ስብርባሪ አስበየደለት። መጨረሻ ላይ ከቁመቱ የተነሣ መሳፈር ስላቃተን እንደ በቅሎ እርካብ ያለ መርገጫ በጎኑ አበጀለት።

«ጋሽ ተገኘ፣ ይኼ መኪና እንግዲህ መንገድ አይፈልግም» አለኝ።

«እኛም አገር መንገድ የለም፤ ተገናኝታችኋል» አልኩት።

ከሁሉ የሚኮራበት ግን በሞተሩ ክዳን፣ በኮፈኑ ጎን ወጥቶ ከጣሪያው በላይ የቆመው ቧንቧ ነበር። «ሞተር እንደ ሰው ይተነፍሳል» ብሎ አስረዳኝ። «ወንዝ ሲገባ ውሃ ከሳበ ታንቆ ይሞታል። እኔ ግን አፍንጫውን ወደ ሰማይ አወጣሁለት። እንግዲህ የፈለገው ጎርፍ ይምጣ፣ ጠብታ ውሃ አይገባበትም!»

ይኼ ሁሉ ደግ ነው። ችግሩ የመንዝ ብርድ ነው። ሞተሩ ጠዋት ጠዋት አልነሣ አለው። ክንፈ አሰበ አሰበና፣ ጌታነሽ ለሠርጓ ከገዛ በጎቿ ጠጉር ፈትላ ያሠራችውን ባና ማታ ማታ ኮፈኑን ያለብሰው ጀመር። ሰው ነጠላ ለብሶ ሲንቀጠቀጥ፣ ብረት ባና ለብሶ ያድራል። ልትናገረው ስትመጣ ደግሞ ሞተሩን ያጓራዋል። አፏ ሲንቀሳቀስ ያይና «እህ?» ይላታል፤ ደግማ ስትነግረው ነዳጅ ይጨምርበታል። አንድ ጠዋት ባናውን አንሥታ አሸተተችው፤ ግራሶ ግራሶ ይላል። መልሳ ኮፈኑ ላይ አስቀመጠችና ወደ አባቷ ቤት ሄደች።

አባቷ አቶ አስፋው፣ ወደ ራቤል ከሚወስደው መንገድ ገንጠል ብሎ፣ ከወንዝ ማዶ ነው የሚኖሩት። ልናስታርቅ እኔ፣ መምሬ መርስዔ ኃዘንና ባልንጀራዬ ትዕዛዙ ሄድን። ሽማግሌው ሰውዬ ደጃቸው ላይ አቆሙንና፦

«ልጄ እየበረዳት ብረት ባና የሚለብስበት ቤት እንድትመለስ ነው የመጣችሁት?» አሉን። «በጀ። ያ ብረት እውነት ብረት ከሆነ ይምጣ! ወንዙን ተሻግሮ፣ ዳገቱን ወጥቶ ከደጄ ከቆመ ልጄን በእጄ አሳፍሬ እሰጠዋለሁ። ካልደረሰ ግን ዳግመኛ ሽማግሌ አይላክብኝ። ኪዳነ ምሕረት ትስማኝ!»

በእኛ አገር እንዲህ ያለ መሐላ ከወጣ ወደ አፍ አይመለስም። አንገታችንን ደፍተን መጥተን ለክንፈ ነገርነው። ያለቅሳል ስንል ዘለለ!

«ወንዙን? ዳገቱን? ለምን አልነገራችሁኝም እስከ ዛሬ! ለዚያ እኮ ነው የሠራሁት!»

ሚስቱን ሊያጣ የደረሰ ሰው እንዲያ ሲፈነድቅ አይቼ አላውቅም። ሌሎቹ ሲሄዱ ግን እጀ ጠባቤን ያዝ አደረገኝ።

«ጋሽ ተገኘ… ባይደርስስ?»

«ጠብታ ውሃ አይገባበትም አላልከኝም?»

«ብያለሁ። ባናውን አጥቤ አልጋዬ ላይ መለስኩት። ግን አልሞቅ አለኝ።»

አሳዘነኝ። ይኼ ልጅ ለካ ያውቃል፤ ጆሮ ብቻ ነው ያልታደለው።

የምንሄድበት ቀን ተቆረጠ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ። መኪናው ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቀረበ። ትዕዛዙ አይቶት «እኔ ከመሬት ይህን ያህል ከፍ የምለው በትንሣኤ ሙታን ነው» አለና በቅሎውን ጫነ። ክንፈ ሊሳለምና ስለት ሊሳል ወደ ውስጥ ገባ። በዚህ መካከል መምሬ ጠበላቸውን በጀሪካን ይዘው ወጡ፤ መንገድ ያለ ጠበል አይጀመርም። ጎማውን ረጩ፣ ኮፈኑን ረጩ፣ እኛንም ረጩን። ከዚያ ቀና ብለው ያንን የቆመ ቧንቧ አዩ።

«ይህስ ምንድን ነው፣ ተገኘ?»

«እስትንፋሱ ነው ይላል አባ፤ በዚያ ነው የሚተነፍሰው።»

«አሃ! ዋናው እንግዲህ እሱ ነዋ! ነፍሱ በዚያ አይደለም የምትመላለሰው?» ካባቸውን ሰብሰብ አድርገው በመርገጫው ወጡ። «ደግሞስ መርጨት ብቻ ምን ይረባል፤ በሽተኛ ጠበሉን ካልጠጣ ተሻለው ይባላል?»

በስመ አብ ብለው ጀሪካኑን በቧንቧው አፍ ላይ ደፉት። ጉር ጉር ጉር አለ። «ኧረ ሲጠጣ ይሰማል!» አለች አንዲት ሴት፤ እልልታው ቀለጠ። እኔም አሜን አልኩ። ማን አሜን ያላለ ነበር?

ክንፈ ዓይኑን እየጠራረገ ወጥቶ መሪውን ያዘ። ቁልፉን ቢያዞር መኪናው እሺ ብሎ ተነሣ። ልጆቼ፣ እንዴት እንደሄደ! ድንጋዩን እንደ ዳቦ ይረግጠዋል። እኔና መምሬ ከኋላ ተቀምጠን ጭንቅላታችን ይጋጫል፣ ይቅር እንባባላለን፣ ደግሞ ይጋጫል። ክንፈ ዞር ብሎ «አያችሁት?» ይለናል። ቁልቁለቱን አፍንጫውን ደፍቶ ወረደ። ወንዙ ከክረምት የተረፈ ድፍርስ ውሃውን ይዞ ይጠብቀናል። ማዶ አቶ አስፋው ምርኩዛቸውን ተክለው፣ አገሩን ሁሉ ሰብስበው ቆመዋል።

ገባን። ውሃው ጎማውን ዋጠ። ቧንቧው ከላይ እንደ ባንዲራ እንጨት ቀጥ ብሏል። መካከል ስንደርስ ሞተሩ አንድ ጊዜ አነጠሰው፤ ከዚያ ሳል ያዘው፤ ከዚያ በጭስ ማውጫው በማርሚታው ነጭ እንፋሎት ለቀቀና ጸጥ። ወንዙ ብቻ ይሰማል።

ትዕዛዙ በቅሎውን እያሻገረ በጎናችን አለፈ። «ምነው አባቶች፣ ልትጠመቁ ነው? ጥምቀት እኮ ገና ነው!»

ክንፈ ውሃው ውስጥ ዘሎ ወረደ። ኮፈኑን ከፈተ፣ የአየር ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውን ፈታ። ውሃ ዷ ብሎ ፈሰሰ። ለካ ጠበሉ ከፊልትሮው ሆድ ተቀምጦ ቆይቶ፣ ቁልቁለቱን ስናዘነብል ነው ወደ ሞተሩ የተሻገረው።

«ከየት መጣ?» ብሎ ጮኸ። «ቧንቧው ደረቅ ነው! ከየት መጣ ይኼ ውሃ?»

እኔ መምሬን አየሁ። መምሬ ሰማዩን አዩ። ኋላም ጉሮሯቸውን ጠረጉና፦

«ልጄ ክንፈ» አሉት በለሰለሰ ድምፅ፣ «ውሃ አትበለው። ጠበል ነው።»

ክንፈ ምን ይበል? ጠበል አበላሸብኝ ቢል ኃጢአት ነው፤ የወንዝ ውሃ ገባብኝ ቢል ቧንቧው ይዋረዳል። ባሕር ያልሆነ ባሕር ውስጥ ፈርዖንን መስሎ ቀረ።

«ጠበል ደግሞ የሚያወጣውን ያውቃል» ብለው ጨመሩ መምሬ። «ያ ውስጡ ሲያጓራ የነበረው ነገር ለቀቀ ማለት ነው።»

ከማዶ የአቶ አስፋው ድምፅ መጣ። «እህሳ አማቼ! ደረስክ?» ሰዉ ሳቀ። «እንግዲህ ሽማግሌዎች ምስክር ናችሁ፤ ደጄ አልደረሰም!»

ክንፈ ፓራውልቱ ላይ ቁጭ አለ። ውሃው ጉልበቱን እያለፈ ይሄዳል፣ እሱ ፊቱን ግራሶ በነካው እጁ ሸፍኗል። ያን ጊዜ ሳቁ ሁላችንንም ለቀቀን። አበቃ አልኩ በልቤ፤ ይኼ ትዳር እዚህ ወንዝ ውስጥ ቀረ።

ሰዉን ከፍላ ጌታነሽ ወረደች። ቀሚሷን ሰብስባ ውሃው ውስጥ ገባች።

«አንቺ ወዴት ነው?» አሉ አባቷ።

«ከባሌ ጋር ላወራ!»

«ባልሽ እኮ አልደረሰም!»

«እኔ ደረስኩለታ!»

መጥታ ፊቱ ቆመች። «ክንፈ።»

«አቤት።»

ጌታነሽ ደነገጠች። «ሰማኸኝ?»

«ሰማሁሽ።»

«እሰይ መምሬ፣ ይህን ሞተር ዝም ያሰኘው እጅዎ ይባረክ!» አለች። ከዚያ ወደ እሱ ዞራ ጀመረችው። «ለባና ብዬ የሄድኩ መስሎሃል? ባናውንማ ሌላ እፈትላለሁ፣ ጠጉር ሞልቶኛል። በግ ወለደችልን ብዬህ ‹አዎ፣ ዘይት ነው› አልከኝ! አሞኛል ብዬህ ‹ጠዋት አየዋለሁ› አልከኝ! እኔ ሰው ነኝ ወይስ ጎማ?»

«ሰው ነሽ።»

«ለምን ታዲያ ለእሱ አፍንጫ አበጅተህ ለራስህ ጆሮ አጣህ?»

ክንፈ ቀና ብሎ እያያት ነበር፤ አንድ ቃል አላመለጠውም። እሷም ያንን አየች መሰለኝ፣ ወደ ማዶ ዞረች።

«አባባ! በሬዎችዎን ያምጡልኝ!»

«ለምኑ?»

«መሐላዎ ያለው እርስዎ ጋ ነው። ይኼ መኪና ደጅዎ ካልቆመ እኔ መሄድ አልችልም፤ እኔ ደግሞ መሄድ እፈልጋለሁ። ከዚህ ወንዝም አልወጣም!»

አቶ አስፋው በምርኩዛቸው መሬቱን ወጉ። ከዚያ ፊታቸው ፈካ፤ ማምለጫ አገኙ። «እሑድ ነው! በሰንበት በሬ አይጠመድም። አባታችን እዚያው አሉ፣ ጠይቋቸው!»

ሁላችንም መምሬን አየን። መምሬ ካባቸውን አስተካከሉ፤ ዕዳ እንዳለበት ሰው ሆነዋል።

«በወንጌል» አሉ፣ «በሬ በሰንበት ጉድጓድ ቢወድቅ ማነው የማያወጣው ተብሎ ተጽፏል። በሬው የወደቀውን ሊያወጣ ቢመጣማ እንዴት ይከለከላል? ይጠመድ!»

እንዲህ ሆነና አቶ አስፋው በራሳቸው በሬዎች፣ በራሳቸው ጅራፍ፣ ያንን ብረት ሊጎትቱ ወረዱ። ቀንበሩ በጠፍር ከፓራውልቱ ታሰረ። ክንፈና ጎረምሶቹ ከኋላ ገፉ። መሪውን ማን ይያዝ ሲባል ጌታነሽ ወጣችና ተቀመጠች። «ወደ ቀኝ!» ይላታል ክንፈ ከኋላ፤ «አይቻለሁ!» ትለዋለች። ሽማግሌው ዳገቱን ላባቸው እየተንጠፈጠፈ «ና በሬ! ሳብ!» ይላሉ። ልጃቸው እንዳትሄድ የማሉት ሰው፣ ልጃቸው እንድትሄድ የዚያን ቀን የለፉትን ልፋት ለእርሻቸው ለፍተውት አያውቁም። መኪናው ደጃቸው ሲቆም ተንፍሰው ተንፍሰው «ቆመ?» አሉ። «ቆመ» አልን። «በሉ እንግዲህ» ብለው ላባቸውን ጠረጉ።

ክንፈ ለሞተሩ እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ከምድጃ ዳር አደረቀ፣ ፊልትሮውን በጨርቅ አበሰ። እኛም በላን፣ መረቅን። አቶ አስፋው የልጃቸውን እጅ ይዘው፣ በዚያ መርገጫ ደግፈው ከፊት አስቀመጧት፤ መሐላቸውን ፈጸሙ። እኔና መምሬ ከኋላ ወጣን።

ክንፈ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አልፎ አልፎ እያነጠሰው ቆይቶ ድንገት አጓራ። ሰዉ እልል አለ፣ ውሻው ሸሸ፣ የክንፈ ፊት በራ። ማርሽ ሊያስገባ እግሩን ፍሪሲዮን ላይ አደረገ።

ጌታነሽ እጇን ዘረጋችና ቁልፉን መልሳ አጠፋችው።

«ምነው?» አላት።

«አልጨረስኩም።»

ክንፈ ሞተሩን አየ፣ እሷን አየ። ከዚያ እጁን ከመሪው አንሥቶ ጭኑ ላይ አኖረ።

«እሺ» አላት፣ «ቀጥዪ።»