ፍሰሐ የፈረመበት ገጽ

የኮምፒውተር ጠጋኙ የቶኩማ ጣት ከኪቦርዱ በላይ ተንጠልጥላ ቀረች። ስክሪኑ ላይ በነጭ ፊደል የተጻፈው እንግሊዝኛ «ሃርድ ዲስኩ ባዶ ነው፤ ፎርማት ይደረግ?» እያለ ይጠይቃል።

«በለው እንጂ ጀለሴ፣ ምን ታፈጣለህ?» አለው ሙሐመድ። ጎረቤት ያለው የፎቶ ኮፒ ቤት የእሱ ነው፤ መብራት ሲበላሽም ሰው ሲጣላም በሩ ላይ ተደግፎ ይገኛል።

«ፎርማት ማለት ምንድን ነው?» አሉ የጽሕፈት ሱቁ ባለቤት ወይዘሮ ፀዳለ።

«ማጽዳት ነው፣ እትዬ። እንደ አዲስ ይሆናል።»

«የአቶ ሞቱማ ይግባኝስ?»

ቶኩማ ጣቱን መለሰ።

አቶ ሞቱማ ከግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት የኖሩበት የጌጃ ሰፈር ቤት ለሌላ ሰው ተፈርዷል፤ ይግባኝ የሚባልበት የመጨረሻ ቀን ዛሬ ነው። የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ አሁን ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ሰባቱን ገጽ እሳቸው ሦስት ቀን ሙሉ በቃላቸው ሲናገሩ ወይዘሮ ፀዳለ ቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ነው የጻፉት። በወረቀት የተረፈ ነገር የለም። ዛሬ ጠዋት ሊታተም ሲል መብራት ሄደ፤ ሲመለስ የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ፣ አሮጌው ማዘርቦርድ፣ ጭስ ጭስ ሸተተና ዝም አለ።

ቶኩማ ተጠርቶ የመጣው ያኔ ነው። እስከ ተክለ ሃይማኖት ሮጦ ከአሮጌው ሁለት እጥፍ የሚፈጥን ማዘርቦርድ ይዞ ተመለሰ፤ ፈቶ፣ ገጥሞ፣ አሥሯን ቡሎን አጥብቆ ሲጨርስ ደስ ብሎት ነበር። እየገጠመ ሳለ ወይዘሮ ፀዳለ መነጽራቸውን አድርገው መጥተው፣ «የድሮው አቀማመጥ እንዴት ነበር? ልጻፈው» ብለውት ነበር። «ግድ የለም እትዬ፣ አዲሱ ሁሉን ራሱ ያውቃል» አላቸው።

አሁን አዲሱ ምንም የሚያውቅ አይመስልም።

«ልጄ፣» አሉ አቶ ሞቱማ ቀስ ብለው፣ «ቃሉ እኔ ጋ አለ። ደግሜ ልናገር?»

«ሰባት ገጽ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ?» አለ ሙሐመድ። «ደግሞስ በምን ላይ ሊጻፍ ነው አባባ? እኔ ጋ ማባዣ እንጂ መጻፊያ የለም።»

ቶኩማ ማሽኑን አጥፍቶ አበራው። የማሽኑ አቀማመጥ የሚሞላበትን ሰማያዊ የሴቲንግ ገጽ ከፈተ። ሃርድ ዲስኩ ስሙም መጠኑም በትክክል ተጽፏል። ሞተሩም ሲዞር ይሰማል። አለ፣ ግን የለም። ቶኩማ ዓይኑን ጨፈነ። ነገር ሲጠፋበት ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያደርገው ነው፤ ሰዎች እንቅልፍ የወሰደው ይመስላቸዋል። የታየው የሰፈራቸው አጥር ነበር። ቀበሌው የቤቶቹን ቁጥር የቀየረ ጊዜ ለወራት የእናቱ ደብዳቤ ሌላ ቤት ሲያንኳኳ ከርሟል። ቤቱ ግን አልፈረሰም። ቆጠራው ነው የተለወጠው።

«እትዬ፣» አለ ዓይኑን ገልጦ፣ «ይህን ዲስክ መጀመሪያ የገጠመው ማን ነው?»

«ፍሰሐ። አሁን አዋሳ ገብቷል።»

«ስልክ አለው?»

«ስልክ ምን ያደርግልሃል? አስፈርሜዋለሁ።»

ሙሐመድ ሳቀ። «እሳቸው እኮ ድመቷንም አይጥ ስትይዝ ያስፈርሟታል።»

ወይዘሮ ፀዳለ ከመሳቢያው ሥር ቀይ ጠንካራ ሽፋን ያለው መዝገብ አወጡ። ይህን ሱቅ ከመክፈታቸው በፊት አሥራ ስምንት ዓመት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርተዋል። እዚያ የለመዱትን ሱቃቸው ውስጥም አልተዉም፦ ቀን፣ የተሠራው ሥራ፣ የሠራው ሰው ፊርማ። የተሳሳተ ቢኖር አይፋቅም፤ አንድ መስመር ይሰረዝበትና ከጎኑ ይፈረማል። መብራት የቀጠለው፣ ጣሪያውን የደፈነው፣ ፕሪንተሩን የጠረገው ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ።

ጣታቸውን በምላሳቸው እያራሱ ገለጡ። «ይኸው። ጥቅምት አሥራ ሁለት፣ ዘጠና።»

ቶኩማ ጎንበስ ብሎ አየ። ወይዘሮ ፀዳለ እንግሊዝኛ እምብዛም አያውቁም፤ ያን ዕለት ግን ከፍሰሐ ትከሻ ኋላ ቆመው ሰማያዊውን ገጽ እንዳለ ገልብጠውታል። እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው፣ እንደ ጥልፍ ተለቅሞ ተቀምጧል። ቁጥሮቹ 3148፣ 16፣ 63። ከቁጥሮቹ ቀጥሎ የሃርድ ዲስኩ ሞድ፣ የሚቆጠርበት ስልት፣ «ላርጅ» እንደሆነ ተጽፏል። ከሥሩ በአማርኛ፦ «ማሽኑ ራሱ ይምረጥ ሲባል እምቢ ስላለ በእጅ ተሞላ።» ከዚያ የፍሰሐ ፊርማ።

«የማያውቁትን ነገር እንዴት እንዲህ አድርገው ጻፉት?» አለ ቶኩማ።

«የማውቀውንማ ምን ብዬ እጽፈዋለሁ?» አሉት። «እንዳልረሳ የምፈራው የማላውቀውን ነው።»

ቶኩማ ወደ ሰማያዊው ገጽ ተመለሰ። አዲሱ ማዘርቦርድ ራሱ የመረጠውን ሞድ አነሳና ቁጥሮቹን እያነበበ ሞላቸው። ወይዘሮ ፀዳለ መዝገቡን ይዘው ከጎኑ ቆመው፣ እሱ ያስገባውን አንድ በአንድ አመሳከሩ። «ስድሳ ሦስት ነው የሚለው፤ አንተ ሠላሳ ስድስት ብለሃል» አሉት አንዴ። አረመው። መጨረሻ ላይ «ላርጅ» የሚለውን መርጦ አስቀምጦ ወጣ።

ስክሪኑ ጠቆረ። ዲስኩ ጥቂት ጊዜ ተንጫጫ፤ ከዚያ ዊንዶውስ ብሩህ ሆኖ ብቅ አለ። ወይዘሮ ፀዳለ ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡና ፋይሉን ከፈቱት። የአቶ ሞቱማ ስም ከላይ፣ ቀጥሎ ሰባት ገጽ።

ፕሪንተሩ እየጮኸ ገጽ በገጽ ሲያወጣ አቶ ሞቱማ አጠገቡ ቆመው ወረቀቱን ገና ሙቅ ሳለ ይቀበሉ ነበር። ሰባተኛው ሲወጣ ባርኔጣቸውን ደፉ።

«ሙሐመድ፣ ኮፒ!» አሉ።

«ይከተሉኝ አባባ፣ ማሽኑ በርቷል» አለና ቀድሟቸው ወጣ። አሥር ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶታል።

ወይዘሮ ፀዳለ መዝገቡን አዲስ መስመር ላይ ከፍተው፣ እስክሪብቶ ጨምረው ቶኩማ ፊት አስቀመጡ። ቀኑን እሳቸው ጽፈውታል።

ቶኩማ ጻፈ፦ «ማዘርቦርድ ተቀየረ። ሃርድ ዲስኩ በቀድሞው ሴቲንግ እንዲነበብ ተደረገ። ይሠራል።» እስክሪብቶውን ሊያስቀምጥ አለና ወደ ፍሰሐ ገጽ መልሶ ገልጦ እነዚያን ተለቅመው የተቀመጡ ፊደሎች አየ። እዚህ ላይ ቢፈርም እውነት ነበር፤ ማንም ምንም አይለውም። የሚቀጥለው ባለሙያ ግን ይህን ገጽ ሲገልጥ ዛሬ ስንት ነገር ሊጠፋ እንደነበር አያውቅም።

ከሥሩ አንድ መስመር ጨመረ፦ «ከዚህ በፊት፣ የድሮውን ሳልጠይቅ፣ አዲሱ ሁሉን ራሱ ያውቃል ብዬ ዲስኩን ላጠፋው ነበር።»

ወይዘሮ ፀዳለ መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡት። አልሰረዙትም።

ቶኩማም ፈረመ።