ከብረቱ መሰላል በላይ

«አባባ፣ እዚህ ጋ ትንሽ አረፍ ይበሉ» አለች ኡንሱክ፣ የአባቷን ክንድ ያዝ አድርጋ።

አቶ ናም ክንዳቸውን አላቀቁ። «የመታሰቢያው ሳይረን ሳይጮህ ድንጋዩ ጋ መድረስ አለብኝ። አንቺ ከደከመሽ ተቀመጪ።»

«እኔን ያደከመኝ የእርስዎን ትንፋሽ መስማት ነው።»

ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ተራመዱ። ቀኝ ጉልበታቸው ከአውቶቡስ ከወረዱ ጀምሮ ሲያስቸግራቸው ነበር፤ አሁን ጭራሽ አልታጠፍ አለ። ልጃቸው እየደገፈች መንገዱ ዳር ካለችው የላስቲክ ዳስ አስገባቻቸውና አግዳሚ ላይ አስቀመጠቻቸው።

በዚህች ዳስ ደጃፍ በየዓመቱ፣ በጀግኖች መታሰቢያ ቀን፣ ያልፋሉ። ለተራራ ወጪዎች ሾርባና የሩዝ ጠላ እንደሚሸጥባት ያውቃሉ። አንድም ቀን ግን ቁጭ ብለውባት አያውቁም። ወንድ ልጃቸው ታይሶክ ከሰሜን ሰርገው የገቡ ታጣቂዎችን፣ ቁስለኛ ጓደኞቹ እስኪወርዱ ድረስ፣ ከዳሷ በላይ ባለው ሸንተረር ላይ ብቻውን ሲመክት የወደቀ ሃምሳ አለቃ ነው። ሠራዊቱም በወደቀበት ቦታ የመታሰቢያ ድንጋይ አቁሞለታል። ወደዚያ ድንጋይ የሚወጣ አባት መንገድ ላይ ተቀምጦ ሾርባ መጠጣት የለበትም ብለው ያምኑ ነበር።

«ተመስገን፣ ዛሬስ ቁጭ አሉልኝ!» አለች ባለዳሷ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች። «የታይሶክ አባት አይደሉ? ሁልጊዜ ሽው ብለው ነው የሚያልፉት። ሰላም ልበልዎ ስል ጀርባዎን ብቻ ነው የማየው።» ወደ ኡንሱክ ዞረች። «አንቺ ደግሞ ቁርጥ እናትሽን! እሳቸውስ ደህና ናቸው? ከመኸር ወዲህ ድምፃቸው ጠፋ።»

ኡንሱክ ደንግጣ አባቷን አየች። «እናቴ አርፋለች» አለች ቀስ ብላ። «በብርዱ ወራት ነው፤ ሳንባዋን ታማ።»

ሴትዮዋ ጭልፋዋን ድስቱ ውስጥ ለቀቀችው።

«ከሌላ ሰው ጋር ተምታቶብሽ ይሆናል» አሉ አቶ ናም። «ሚስቴ እዚህ ተራራ ላይ ወጥታ አታውቅም። ጉልበት የላትም ነበር።»

«ምን ይምታታብኛል አባባ? የገበያ ቀን እየጠበቁ ነበር የሚመጡት፣ ዘንቢላቸውን እንደያዙ። በየድንጋዩ እየተቀመጡ፣ እየተነሱ እዚህ ይደርሳሉ። ከዚህ በላይ ያለውን የብረት መሰላል ግን አልቻሉትም። አንዴ ሞክረው መሀል ላይ ሲቀሩ ደግፌ ያወረድኳቸው እኔ ነኝ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራ ነበር?»

«ይሄው አሁን የተቀመጡባት አግዳሚ ላይ ይቀመጡና የሚወርደውን ሰው ሁሉ ይጠይቃሉ። ‹ልጆቼ፣ ድንጋዩ ጋ ደርሳችሁ መጣችሁ? እንዴት ነው ቦታው? ፀሐይ ያገኛል? ነፋስ አይበዛበትም?› ይላሉ። አንዱ ባሕር ይታያል ያላቸው ቀን የነበራቸውን ደስታ አልነግርዎትም! ‹ባሕር ይወድ ነበር› እያሉ ለማያውቁት ሰው ሁሉ ሾርባ ካልጋበዝኩ አሉኝ።»

ኡንሱክ ፊቷን ወደ ጫካው አዞረች።

«እኔም አፌ አያርፍ፤ ‹ባለቤትዎ በየዓመቱ ይወጡ የለ? ለምን እሳቸውን አይጠይቁም?› አልኳቸው። ‹ጠይቄው ነበር፤ ድንጋይ ነው አለኝ› አሉና ሳቁ።»

አቶ ናም የቀረበላቸውን ሾርባ አተኩረው ያዩ ጀመር። እውነቷን ነበር። ድንጋዩ በተመረቀ ዕለት ወታደሮቹ ሚስታቸውን ሱንዶክን በቃሬዛ ተሸክመው ሊያወጧት ነበር፤ እምቢ ያሉት እሳቸው ናቸው። አዛዦቹ ፊት ተጋድማ ስትመጣ፣ ድንጋዩን አቅፋ ስትጮህ፣ በዓይነ ሕሊናቸው ታየቻቸውና አፈሩ። «እሷ ታች ትጠብቅ» አሉ። ጠበቀች። ማታ ቤት ሲገቡ «እንዴት ነው?» ብላ ስትጠይቃቸው ጫማቸውን እያወለቁ «ድንጋይ ነው» አሏት። ክፋት አልነበረም። አንድ ቃል ቢጨምሩ እንባቸው እንደሚያመልጣቸው ስለሚያውቁ ነው። ይህንንም ቢሆን አልነገሯትም። በዓመቱ ሳትጠይቃቸው ስትቀር፣ ተጽናናች ብለው ደስ አላቸው።

ከሸለቆው የሳይረን ድምፅ ተነሣ። ዳሱ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ማንኪያቸውን አስቀምጠው ቆሙ። አቶ ናምም ጠረጴዛውን ተደግፈው ቆሙ። ሳይረኑ ከድንጋዩ ርቀው ሲያገኛቸው የመጀመሪያቸው ነበር።

ድምፁ ሲያባራ ኡንሱክ ጠጋ አለቻቸው። «ይቅርብን አባባ? እንውረድ?»

«አይሆንም» አሉ። «አሁን ነው መውጣት ያለብኝ።»

መሰላሉን በሁለት እጃቸው እየተንጠለጠሉ ወጡት፤ ኡንሱክ ከኋላ ወገባቸውን ደግፋለች። መሀል ላይ ሲደርሱ ቆሙ። የቆሙት ግን ለማረፍ ብቻ አልነበረም።

ከላይ ሲደርሱ እንደ ልማዳቸው ቀጥ ብለው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ። ሌላ ጊዜ ይህን ካደረጉ በኋላ ድንጋዩን በመሐረብ ጠርገው ቶሎ ይመለሱ ነበር። ዛሬ መዳፋቸውን ድንጋዩ ላይ አሳረፉ። ሞቋል። ፀሐይ ያገኛል ማለት ነው።

«ባሕሩ የት ነው?» አሉ።

«ኧረ አባባ! ያውና፣ ከኋላዎ፣ ከጥዶቹ መሀል።»

ዞሩ። ይህን ሁሉ ዓመት ጀርባቸውን ሰጥተውት ነበር የሚቆሙት። ቀጭን ነው፣ ግን ይታያል። ድንጋዩን ዞሩት፤ ከበስተጀርባው ነጭ አበባዎቹ ወደ መሬት ያጎነበሱ ቁጥቋጦ አገኙ።

«ይቺስ ምን ትባላለች?»

«ሃምባክ ናት። ደግሞ እርስዎ ከመቼ ወዲህ ነው የአበባ ስም የሚጠይቁት?»

ጎንበስ ብለው አሸተቷት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ከዚያ ቀና አሉ።

«ስንወርድ ቤት አንሄድም። እናትሽ መቃብር ነው የምንሄደው።»

«ዛሬ? በዚህ ጉልበትዎ? ነገ አደርስዎታለሁ።»

«ዛሬ ነው። ቆይ፣ ያ ባሕሩ ዳር ያለው መንደር ማን ነው የሚባለው?»

«እኔ እንጃ። ምን ያደርግልዎታል?»

«እነግራታለኋ» አሉ አቶ ናም፣ በእጃቸው ፀሐዩን ከልለው ወደ ባሕሩ እያዩ። «ባትጠይቀኝም።»