ካዝና ቁጥር አይናገርም

ሰኞ ሌላ ከተማ ሥራ እጀምራለሁ። የአጎቴን ድረ ገጽ ከዚያው ሆኜ መያዝ ካልቻልኩ ወይ እኔ ሥራው ይቀርብኛል፣ ወይ እሱ ደንበኞቹን ያጣል። አጎቴ ቁልፍ ሠሪ ነው። ጓዳ በምታህል ሱቁ ቁልፍ ይቀርጻል፣ በድረ ገጹ ደግሞ ጓጉንቸር ይሸጣል። የዕቃውና የትዕዛዙ ዝርዝር ያለበት ዳታቤዝ ግን ከሱቁ ኮምፒውተር በቀር ከየትም አይከፈትም። እንዲህ ይሁን ያለው ራሱ ነው። ሰፈሩ «ካዝና» የሚለው በከንቱ አይደለም።

«በሩን ለዓለም ልትበረግጂው ነው?» አለኝ፣ ከመቅረጫው ማሽን ቀና ሳይል።

«ኧረ ጋሼ! ለሌላው ሁሉ እንደተዘጋ ይቆያል። እኔ ብቻ በተመሰጠረ መስመር እገባለሁ። መግቢያው ያለው ላፕቶፔ ላይ ነው።»

«ላፕቶፑ ቢሰረቅስ?»

«እሱም የራሱ የይለፍ ቃል አለው። አንተም እዚሁ ቁጭ ብለህ ልትሰርዘው ትችላለህ።»

መሰረዙን ወደደው።

ሌላውን ሁሉ ጨርሻለሁ። የቀረው ድረ ገጹን የሚያስተናግደው ድርጅት በባለቤቱ ስልክ የሚልከው የፈቃድ ቁጥር ነው። ስልኩ ጮኸ።

«በል ንገረኝ።»

አጎቴ ተራ የሚጠብቁትን ሁለት ሴቶች ገላመጠ። «ቁልፍ ሠሪ ቁጥር አይናገርም።»

«ሹክ በለኛ!»

«ሹክታም ድምፅ ነው።»

ብጣሽ ወረቀት ፈለገ፣ መነጽሩን ፈለገ፣ ጀርባውን ሰጥቶን ጻፈ፣ አጣጥፎ አቀበለኝ። ፈትቼ ሳስገባው ጊዜው አልፎበታል። ሌላ አስላክሁ። እሱም እንደዚያው ሆነ። ደሜ ፈላ።

«አትድከሚ የኔ ልጅ» አለች አንዷ ሴት። «ይሄ ሰውዬ የገዛ ሚስቱን ስም እንኳ የሚናገረው ተለምኖ ነው።»

ከወንበሩ ተነሳሁ። «ና፣ ራስህ ጻፈው።»

ተቀመጠ። «ዙሪ!» ዞርኩ። «እናንተም!» ሴቶቹም እየሳቁ ዞሩ። ሦስታችን ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ጓጉንቸሮች እያየን ቆመን፣ በአንድ ጣቱ ኪቦርዱን እንደ ዶሮ ሲለቅም ሰማነው።

«ተፈቅዷል ይላል» አለ፣ ኮራ ብሎ።

ለመሞከር ላፕቶፔን ይዤ መንገዱን ተሻገርኩ። ጫማ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጬ በስልኬ ኢንተርኔት ገባሁ። የሱቁ መደርደሪያ ሞልቶ ሳለ ድረ ገጹ ላይ ትልቁ ጓጉንቸር ሥር «አልቋል» የሚል ጽሑፍ ነበር፤ አጠፋሁት። ወዲያው ስልኬ ጠራ።

«‹አልቋል› የሚለው ጠፋ! የት ሆነሽ ነው?»

«ፊት ለፊትህ።»

በር ላይ ብቅ አለ። እጁን የሚያውለበልብልኝ መስሎኝ ነበር፤ መዳፉን ዘረጋ። «የሱቁን ቁልፍ መልሺ።»

ተመልሼ ሰጠሁት። የተመለሰ ቁልፍ በመላሹ ፊት ጥርሱ ይሞረዳል፤ የእሱ ሕግ ነው። ለእኔም አላዳላም።

«ከእንግዲህ በዚህ በር ለሻይ ብቻ ነው የምትመጪው» አለ፣ ብናኙን እፍ እያለ። «እሱንም አንኳኩተሽ።»

«ሻዩንስ ከርቀት አትልክልኝም?»

«መጀመሪያ ቁጥር ይላክልኝ» አለና ወደ ሴቶቹ ዞረ።