የእኛ ያልሆነ ነጠላ

«ይህ ነጠላ የእኛ አይደለም» አለች የዜማ እናት ታየች፣ በድንኳኑ ራስጌ ጠረጴዛ ላይ የቆመውን የሟች ልጇን ፎቶ እያየች።

ዜማ ሰምታ እንዳልሰማ ሆነች። አጠገባቸው የተቀመጡት ለቅሶ ደራሾች ንፍሮ እየቆረጠሙ ስለዘገየው ማዳበሪያ ያወራሉ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ዋይታ አልፏል፤ አሁን ሰው የሚመጣው ቀረህ እንዳይባል ነው፤ መጥቶም የሚያወራው ያው የገበያ ወሬውን ነው።

«ጥለቱን እይው እስቲ። አረንጓዴ ነው። የብርጓል መች አረንጓዴ ወዳ ታውቃለች?»

«እዚያ ገዝታው ይሆናል፣ እማዬ።»

«ነጠላ? በፈረንጅ አገር?»

ነጠላው የመጣው ከደብረ ማርቆስ ነው። መርዶው በተሰማ ማግስት አክስቷ ወለተ ጊዮርጊስ የዜማን ስልክ ተቀብላ የሟችን ፎቶዎች አየች፤ እያየችም አማተበች። ሁሉም ላይ ባሕር አለ፤ ሁሉም ላይ ራቁት ትከሻ አለ። የብርጓል ጥቁር አሸዋ ላይ ተጋድማ፣ የብርጓል ጀልባ ጫፍ ላይ ቆማ፣ የብርጓል እስከ ወገቧ ውሃ ገብታ ስትስቅ። «ይኼን ነው ቄስ ፊት የምናቆመው?» አለች አክስቷ፣ ከዚያ ሚኒባስ ተሳፍራ ማርቆስ ሄደች። ፎቶ ቤቱ ባሕሩን ቆርጦ ጣለ፣ ከኋላዋ ሰማያዊ መጋረጃ ሰቀለ፣ ትከሻዋን በኮምፒውተር ነጠላ ሸፈነ። የፎቶ ቤቱ ሰው ይህንኑ ነጠላ ለሟች ሁሉ ያለብሰዋል። አምና በአንድ ለቅሶ ላይ ዜማ አንዲት አሮጊት ለብሰውት አይታለች።

ፊቱ ግን የብርጓል ነው። ፀሐይ ያጠበበው ዐይኗ ምን እያየ እንደሚስቅ እዚህ ድንኳን ውስጥ ከዜማና ከአክስቷ በቀር የሚያውቅ የለም።

የብርጓል ከአገር የወጣችው እንደ ብዙዎቹ የአካባቢው ልጆች፣ ዓረብ አገር ሰው ቤት ለመሥራት ነበር። አንድ ሐምሌ አሠሪዎቿ ለመዝናናት ወደ አንድ ደሴት ይዘዋት ሄዱ፤ ሲመለሱ ያለ እሷ ተመለሱ። ደሴቱ እሳተ ገሞራ ከባሕር ውስጥ ገፍቶ ያወጣው ድንጋይ ነው። መጀመሪያ ጀልባ አጠበች። ቀጥሎ ለተሳፋሪዎች ውሃና ፎጣ አቀበለች። አፏን በቋንቋቸው ስትፈታ እንግዶቹን እየመራች ታዞራቸው ጀመር፤ ከጥቁሩ አሸዋ ወደ ቀዩ፣ ከቀዩ ደግሞ የተቃጠለው ተራራ ሥር፣ ባሕሩ ከታች ወደሚሞቅበት። እዚያ ሲደርሱ ጀልባው ይቆምና እንግዶቹ ይዘላሉ። «መጀመሪያ የምዘለው እኔ ነኝ» ብላ ነበር ለዜማ በስልክ። «እኔን ሲያዩ ይደፍራሉ። ዓባይን ከድልድይ ላይ ማየት የምፈራው እኔ፣ አስቢው።»

ለእናቷ የነገረቻት አጭሩን ነው። ደሴት ላይ ነኝ፤ ሰው በጀልባ አመላልሳለሁ፤ ፍልውሃም አለ። ታየች የቀረውን ራሷ ሞላችው። እሷ የምታውቀው ደሴት የጣናን ነው፤ ደሴት ካለ ገዳም አለ፣ ጀልባ ካለ ተሳላሚ አለ፣ ፍልውሃውም ጠበል ነው። በዚያ ላይ የብርጓል ከላከቻቸው ፎቶዎች ባንዱ ላይ ገደል አፋፍ የቆመች ነጭ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። በቃ። ልጄ ባሕር ማዶ ለገዳም ተሳላሚ ታሻግራለች ብላ ከይጁቤ እስከ ደብረ ወርቅ አወራች። የብርጓል ይህን ስትሰማ ሳቀች፤ ተያት፣ ደስ ካላት ምን አለበት አለች። ቆይታ፣ ሳቁ ካለቀ በኋላ፣ «አንድ ቀን እኔው እነግራታለሁ» አለች። በደሴቱ ዳገት ላይ መኪና ገጭቷት እዚያው ስትቀበር ያ ቀን ገና አልመጣም ነበር።

ከሰዓት በኋላ የንስሐ አባታቸው አባ ዘመንፈስቅዱስ መጡ። ጸሎት አድርሰው እንደተቀመጡ ታየች ጠጋ ብላ ያሰበችውን ነገረቻቸው። ልጇ ወዳገለገለችበት ገዳም ጧፍና ዘቢብ ልካ፣ ስሟን በጸሎት እንዲያስቡላት ትፈልጋለች።

«መልካም ነው» አሉ አባ። «ገዳሙ ማን ይባላል?»

ታየች ወደ ዜማ ዞረች። ድንኳኑም አብሮ ዞረ። ወለተ ጊዮርጊስ ከወዲያ ማዶ ቅንድቧን አነሣች፤ አንድ ስም ጥሪና ገላግይን ማለቷ ነው። ቀላል ነበር። ማርያም ብትል ማን ይመረምራታል? ነገር ግን ለሰው ሁሉ መልስ የማታጣው ዜማ ያን ስም መጥራት አልፈለገችም። እህቷን የቀበሯት ባዕዳን ናቸው። ያለበሷት ነጠላ የሌላ ነው። አሁን ደግሞ ረግጣው የማታውቀው ገዳም ሊሰጧት ነው። ደከማት።

«አላውቀውም፣ አባ።»

አባ እንደሄዱ አክስቷ ጓሮ ይዛት ወጣች። «ያን ሁሉ መጽሐፍ ብቻሽን ስትፈጂ ከርመሽ አንድ የታቦት ስም አጣሽ?»

«እርስዎ ካላጡ ምነው አልጠሩልን?» አለች ዜማ። አክስቷ ጥላት ገባች።

ሰዉ ሳሳ ሲል እናቷ ከፍራሹ ላይ ሆና ጠራቻት። «ነይ ወዲህ። ከነጠላው ሥር ያለውን አሳዪኝ።»

«እማዬ…»

«የልጄን ትከሻ አውቀዋለሁ። ያ ነጠላ ተለጥፎበታል እንጂ አልለበሰችውም። አሳዪኝ።»

ዜማ ስልኳን አውጥታ ቪዲዮውን ከፈተች። ነፋስና ሞተር ይጮኻል። የብርጓል በዋና ልብስ ጀልባው ጫፍ ላይ ቆማለች፤ ከኋላዋ የከሰለ ተራራ። «ዜማዬ፣ እይኝማ» ትልና ትዘላለች። ውሃው ሲከደንባት እናቷ የዜማን ክንድ ጨበጠች። ወዲያ ርቃ፣ እየሳቀች ብቅ ስትል ለቀቀችው።

«ገዳም የለም?»

«የለም። ሰዎቹ የሚመጡት ለመዝናናት ነው። እሷ ባሕሩን ታሳያቸዋለች። እነግራታለሁ ትል ነበር።»

ዜማ ቁጣውን፣ ወይም ለቅሶውን ጠበቀች።

«ዋና ማን አስተማራት?»

«ራሷ።»

«ድገሚልኝ።»

ደገመችላት። ሦስተኛም አየችው። በመጨረሻ፣ ለአባ እኔው እነግራቸዋለሁ አለች፤ ጧፉም እዚሁ ለኪዳነ ምሕረት ይገባል። ቪዲዮው አልቆ የብርጓል መሰላሉን ይዛ ከውሃው ስትወጣ ቆመ፤ ጠጉሯ ይንጠባጠባል፣ ትከሻዋ ተኮማትሯል።

«ውሃው ይሞቃል አላለችኝም?»

«ውስጡ ይሞቃል። ስትወጣ ነው የሚበርዳት።»

ታየች ለሐዘን ዘቅዝቃ የለበሰችውን ነጠላ ጫፉን ሳበችና ስልኩ ላይ እስከ ልጇ አገጭ ድረስ አለበሰች። ፊቷን አልሸፈነችውም። ስልኩ ሊጠፋ በደበዘዘ ቁጥር ዜማ በጣቷ ትነካዋለች።