የፓጎዳው ቁልፍ ያዥ

«እዚህ ቤት የሚጎበኝ ነገር የለም በላት! ፓጎዳው በወዲያ በኩል ነው!»

ሶ ሞ የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ከሰሌኑ ላይ ብድግ አለ። ግቢው ውስጥ የተቀመጡት ለቀስተኞች ሁሉ ወደ አጥሩ በር ዞሩ፤ የሱፍ ፍሬ ሲፈለፍሉ የነበሩት ጣቶች ባሉበት ቀሩ። በሩ ላይ አንዲት ፈረንጅ ቆማለች። ግራ እጇ በነጭ ጨርቅ ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ በቀኟ ያወለቀችውን ጫማ ይዛለች። የበርማዋ ባጋን አሸዋ በዚያ ሰዓት እንደ ፍም ነውና ባዶ እግሯን አንዴ ታነሳዋለች፣ አንዴ ታሳርፈዋለች። አጠገቧ አስጎብኚው ናንዳ ነበር፤ የዚያው መንደር ልጅ።

«ልቅሶ ልትደርስ ነው የመጣችው፣ ሶ ሞ። ሌላ ነገር የለውም» አለ ናንዳ።

«ሰውዬውን ካስበላች በኋላ ልቅሶ!» አለች ጎረቤቲቱ ዶ ሚያ፣ ከጎኗ ላለችው ሴት ብቻ የምታንሾካሹክ መስላ ለሁሉም እያሰማች።

የሟቹ ሚስት ኪን ሌ ከቤቱ መሰላል ሥር ተቀምጣ ነበር። ባሏ ባ ታን ከሞተ ወዲህ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አልተናገረችም፤ አሁንም አላደረገችውም።

«ትግባ» አለች። «ልቅሶ ቤት የመጣ ሰው ከበር አይመለስም።»

ሶ ሞ የእናቷ ልጅ፣ ታናሽ ወንድሟ ነው። ጎብኚዎችን በፈረስ ጋሪ ከፓጎዳ ፓጎዳ፣ ከአንዱ የቡድሃ መቅደስ ወደ ሌላው፣ እያመላለሰ ይኖራል። በዚህ ልቅሶ ከእሱ በላይ የደከመ አልነበረም፤ ሬሳውን የተሸከመ እሱ፣ ድንኳን የተከለ እሱ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ሻይ የሚቀዳ እሱ። አሁን ግን እህቱ ስትናገር እንኳን ከመንገዱ ገለል ለማለት ዘገየ።

ፈረንጇ ገብታ ሰሌኑ ላይ ተንበረከከች፤ በታሰረ እጅ ስላልሆነላት ወደ ጎን ዘንበል አለች። ስሟ ኢነስ እንደሆነ፣ ከፖርቱጋል እንደመጣች ናንዳ ተናገረ። ኪን ሌ ለለቀስተኛ የሚቀርበውን፣ በዘይት ተለውሶ የሚበላ የሻይ ቅጠል ያለበትን ሳህን ወደ እሷ ገፋችላት። ሶ ሞ ሻይ ሊቀዳላት ጎንበስ ሲል ሴትዮዋ ቀና ብላ ፊቱን አየች።

ያየችው ነገር ፊቷን ለወጠው። ስኒውን ሳትቀበል በእሷ ቋንቋ ተናገረች፤ ፈጥና፣ ብዙ፣ ደግሞ መለስ ብላ፣ በደህና እጇ ሶ ሞን እያመለከተች። ናንዳ አንገቱን ደፋ።

«ምን አለች?» አለች ኪን ሌ።

«'ሐዘንሽ ሐዘኔ ነው' ነው የምትለው።»

«ያን ሁሉ ተናግራ?»

«የእነሱ ቋንቋ ረጅም ነው» አለ ናንዳ፣ ዓይኑን ከሰሌኑ ሳያነሳ።

አንዳንዶቹ ሳቅ አሉ። ሶ ሞ አልሳቀም። ማንቆርቆሪያውን አስቀምጦ ፈረሱን ውኃ ሊያጠጣ ወጣ፤ ፈረሱ ግን ገና አሁን ነበር የጠጣው።

የሰባተኛው ቀን መታሰቢያ ነገ ነው። መነኮሳቱ መጥተው ይበላሉ፣ የበጎ ሥራውን ድርሻ ለሟቹ የሚያካፍለው ውኃ ይፈስሳል፣ የሟቹ ስም ይጠራል፣ ነፍሱም መንገዷን ትይዛለች። ኪን ሌን ግን ያ ቀን እንደ ፍርድ ቀን አስፈርቷታል። ባ ታን የሞተው ከመንደር ውጭ፣ በክፉ ሞት ነው። በመንደሩ ሕግ ከውጭ የሞተ ሰው ሬሳ ወደ ቤቱ አይመለስምና ከወደቀበት ቀጥታ ወደ መቃብር ሄደ፤ ገላውን እንኳ በአጥሩ ውስጥ አላጠበችውም። ሰውም ያማል። «የተከለከለውን ደረጃ ለፈረንጆች ሸጠው፣ ፓጎዳው ደግሞ እሱን ወሰደው» ይላሉ። የፓጎዳው ሽማግሌዎች ከነገው ምሳ በኋላ ቁልፉን ለሌላ ቤተሰብ ሊሰጡ ተስማምተዋል። ያ ቁልፍ ከባ ታን አያት ጀምሮ ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም።

ባ ታን ጠባብ ትከሻ የነበረው፣ ቀስ ብሎ የሚራመድ ሰው ነበር። ከመንደሩ ጀርባ ያለችውን ትንሿን ፓጎዳ ይጠብቃል። ጎብኚ ሲመጣ ይከፍታል፣ ግድግዳው ላይ ያሉትን ሥዕሎች በባትሪ እያበራ ያሳያል፤ እዚህ ቡድሃ ሲወለድ፣ እዚያ ቤቱን ጥሎ ሲወጣ፣ ያቺ በጥግ ያለችው ደግሞ ሠዓሊው ሲሰለቸው የሣላት ዝንጀሮ። የውጭ ቋንቋ አያውቅም፤ «ጭንቅላትህን!» የሚለውን ግን በሁሉም ቋንቋ ያውቀዋል። በሩ ዝቅተኛ ስለነበር ከአፉ በፊት እጁ ነበር የሚደርሰው፤ መዳፉን በእንግዳው ግንባርና በድንጋዩ መካከል ያስገባል። የእጁ ጀርባ ሁልጊዜ እንደተላጠ ነበር።

ከዓመታት በፊት የመሬት መንቀጥቀጥ ፓጎዳውን ከሰነጠቀው ወዲህ ወደ ጣሪያው የሚያወጣው ደረጃ በብረት በር ተዘግቷል። በሩን ያስገጠመው ራሱ ባ ታን ነው። የፀሐይ መውጫን ከላይ ሆነን እንይ የሚሉ እንግዶች ይለምኑታል፣ ገንዘብ ያሳዩታል፤ እሱ ወደ ኩሬው ግድብ ወስዶ ያስቀምጣቸዋል። «ፀሐይዋ አንድ ናት» ይላል።

ሌሎች ቁልፍ ያዦች ግን በገንዘብ ደረጃ ሲከፍቱ ኖረዋል፤ ቤታቸውንም በጡብ ሠርተዋል። የኪን ሌ ቤት ጣሪያ ያፈሳል። ከመሞቱ በፊት በነበረው ምሽት ዝናብ ጣለ፤ እሷ ባልዲና ድስት እያፈራረቀች ስትደቅን እሱ የባትሪውን ድንጋይ ይቀይር ነበር።

«ሰው ለሚስቱ ጣሪያ ያስባል፤ አንተ የድንጋይ ዘበኛ ነህ!» አለችው። «አንድ ጠዋት ብትከፍት ሰማይ ይወድቃል?»

ባ ታን የባትሪውን ክዳን ገጥሞ አጠበቀ። ጀርባዋን ሰጥታው ተኛች። ሊነጋጋ ሲል ሰሌኑ ሲንኮሻኮሽ ሰምታለች፤ ነቅታ ነበር፤ ግን አልዞረችም። ከዚያ በኋላ የመጣላት ወሬው ብቻ ነው፤ የደረጃው በር ተከፍቶ፣ ፈረንጆች ከላይ ወጥተው፣ ድንጋይ ተንዶ፣ ባ ታን ከሥሩ። ሰው ባሏን ባማው ቁጥር እሷ በሆዷ፣ «ለእኔ ብሎ ነው የከፈተው፤ የገደልኩት እኔ ነኝ» ስትል ሰነበተች።

ናንዳና ሴትዮዋ ሊሄዱ ሲነሱ ኪን ሌም ተነሣች። ከአጥሩ ውጭ ባለው የኒም ዛፍ ጥላ ደረሰችባቸው።

«ናንዳ፣ የተናገረችውን ንገረኝ።»

«ነገርኩሽ እኮ፣ ዶ ኪን ሌ» አለ፣ በአክብሮት «ዶ» ብሎ እየጠራት።

«እኔ ሞኝ አይደለሁም።»

ናንዳ ወደ ግቢው አየ። «ሶ ሞ ጎረቤቴ ነው» አለ በቀስታ። «ልጆችም አሉት።»

«እኔም ባል ነበረኝ።»

ናንዳ ሴትዮዋን ጠየቃትና የምትለውን ሳያሳጥር፣ ቁርጥ ቁርጥ እያደረገ ይናገር ጀመር።

«ደረጃውን የከፈተልን ይሄ ሻይ የሚቀዳው ሰው ነው ትላለች። ከእንግዳ ማረፊያው በር ላይ በጋሪው የወሰደን እሱ ነው። ከላይ ሆነን ሰማዩ ሲቀላ ከታች አንድ ሰው ጮኸ። ይሄኛው 'ዝም በሉ፣ ይሄዳል' አለን። ሰውዬው አልሄደም፤ ወጣ። በእኛ ላይ አልተቆጣም። በእጁ ብቻ 'ውረዱ፣ ውረዱ' አለን። ጓደኞቼና ባለጋሪው ቀድመው ወረዱ። እኔ ፈርቼ ስለነበር ከኋላ ቀረሁ፤ እሱ መዳፉን በጭንቅላቴና በድንጋዩ መካከል እያደረገ አወረደኝ። ከላይ አንድ ነገር ሲንቋቋ ሰማን። ገፈተረኝ። እጄ የተሰበረው እሱ ሲገፈትረኝ ነው።»

ኪን ሌ የዛፉን ግንድ ያዘች። ኢነስ አንድ ነገር ጨመረች።

«ነገ ከሰዓት በኋላ ለፖሊስ መርማሪዎቹ ቃሏን ትሰጣለች» አለ ናንዳ። «ሰውዬው ወንድምሽ መሆኑን አሁን ነው ያወቀችው። ምን ልበል ብላ ትጠይቅሻለች።»

ኪን ሌ ሴትዮዋን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየቻት። የዓይኗ ዙሪያ አብጧል።

«ያየችውን ትናገር በላት። አትጨምር፣ አትቀንስ።»

ሶ ሞን ከቤቱ ጀርባ፣ ከውኃ ገንዳው አጠገብ አገኘችው። ጣሳውን ገንዳው ውስጥ እያጠለቀ መልሶ ይደፋል።

«ቁልፉን መቼ ወሰድከው?» አለችው።

ጣሳው ከእጁ አልወደቀም። ቀስ አድርጎ የገንዳው ጠርዝ ላይ አኖረው።

«እሱ ሲታጠብ። በማታው።» አለ። «እታለም፣ ድንጋይ ይናዳል ብዬ መች አሰብኩ? አንድ ጠዋት ብቻ ነበር። ደግሞ ያንቺንም ጣሪያ…»

«ጣሪያዬን አትጥራ!» አለች። ከግቢው እንዳይሰማ ድምፅዋን ልታንቀው ሞከረች። «ጣሪያዬን አትጥራብኝ! ሰው 'ደረጃ ሸጠ' እያለ ሲያማው አጠገቤ ተቀምጠህ ሻይ ቀዳህላቸው። አንዴ እንኳ 'ተዉት' ሳትል!»

«እሱ ሞቷል፣ እታለም። ሟች አይታሰርም። እኔ ብታሰር ልጆቼን ማን ያበላል? እሱ ራሱ ቢሆን ይሄን አይፈልግም ነበር።»

«እሱ የሚፈልገውን አንተ አትነግረኝም።»

ከወዲያ በኩል ዶ ሚያ ሻይ የሚቀዳ ጠፋ እንዴ ብላ ስትጮህ ተሰማ።

«ፈረንጇ ያየችውን ትናገራለች፤ ተናገሪ ብያታለሁ» አለች ኪን ሌ።

«በወንድምሽ ላይ?»

«እናታችን ማሳ ስትውል በጀርባዬ ነው ያደግከው። ለዚህ ነው ቀድሜ የነገርኩህ። መንደሩ ከእሷ አፍ ከሚሰማው ካንተ አፍ ይስማው። ነገ፣ ውኃው ከመፍሰሱ በፊት።»

ወንድሟ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኮ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ የጋሪው ፈረስ ኮቴ ወደ ወንዙ ሲርቅ ሰማች። በዚያ ምሽት ሻዩን ሌላ ሰው ቀዳ።

በማግስቱ መነኮሳቱ በሰዓታቸው መጡ። ሩዙና ወጡ ቀረበላቸው፣ በሉ፣ እጃቸውን ታጠቡ። ግቢው ጢም ብሏል። ናንዳና ኢነስ ከኋላ ተቀምጠዋል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የፓጎዳውን ቁልፍ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። የሶ ሞ ሚስት ዓይኗ ቀልቶ ልጆቿን ይዛ መጥታለች፤ ባሏ ሌሊቱን ቤት እንዳልገባ ለኪን ሌ በጆሮዋ ነገረቻት። ኪን ሌ «እሺ» ብላት አለፈች። በጋሪው ወንዙን ተከትሎ ሌሊቱን ከተጓዘ እስካሁን የት በደረሰ?

የገዳሙ አለቃ፣ አሮጌው መነኩሴ፣ ማራገቢያቸውን እንደ ወጉ ፊታቸው ላይ አቁመው ጸሎቱን ጀመሩ። ኪን ሌ ትንሿን የውኃ ማሰሮ ይዛ ተንበርክካለች፤ ከፊቷ ባዶው ሳህን። ወንድሟ ካልመጣ ራሷ መናገር እንዳለባት ታውቃለች። አፏን ከፈተች። የገዛ ወንድምን በመንደር ፊት መጥራት፣ ልጆቹ ከአጠገቧ ተቀምጠው…

ያኔ በአጥሩ በር በኩል ሰው ተንሾካሾከ። ሶ ሞ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ቆሟል። በለቀስተኛው መካከል ጎንበስ ብሎ አልፎ ከመነኩሴው ፊት በግንባሩ ተደፋ። አንድ ነገር አጉረመረመ። ፊት ለፊት ካሉት በቀር የሰማ የለም።

አለቃው ጸሎታቸውን አቆሙ።

«ለእኔ አይደለም የምትነግረው» አሉ። «ዞረህ ንገራቸው። ድምፅህ ይሰማ።»

ሶ ሞ ዞረ።

«ደረጃውን የከፈትኩት እኔ ነኝ» አለ። «ቁልፉን ሰርቄ። ባ ታን ሊያወርደን ነው የወጣው። እኔ… እኔ ቀድሜ ወርጄ ሮጥኩ።»

ዶ ሚያ በእጇ የያዘችውን የሱፍ ፍሬ ቀስ ብላ ወደ ሳህኑ መለሰችው። ናንዳ ወደ ኢነስ ዘንበል ብሎ ሊተረጉምላት ጀመረ፤ እሷ ግን ሳይነገራት ገብቷት ኖሮ እያለቀሰች ነበር። ሽማግሌው ቁልፉን ከጉልበቱ አንስቶ ወደ ትከሻ ቦርሳው ከተተው፤ ለማን እንደሚሰጥ በዚያን ቀን ማንም አላነሳም። ሶ ሞ ከተንበረከከበት አልተነሳም። ትንሹ ልጁ ሮጦ ሄዶ ሸሚዙን ያዘው። ከሰዓት በኋላ ከናንዳና ከፈረንጇ ጋር ወደ መርማሪዎቹ እንደሚሄድ በገዛ አፉ ተናገረ፤ ኪን ሌ ሰማች፤ ወደ እሱ ግን አላየችም። ይቅር ለማለትም ለመርገምም ጊዜው አልነበረም።

«አሁን ጥሪው» አሏት መነኩሴው።

ማሰሮዋን አዘነበለች። ውኃው ጠብ፣ ጠብ እያለ ሳህኑ ውስጥ ወረደ።

«ባ ታን» አለች፤ ድምፅዋ ከመንደሩ ጫፍ እስከ ጫፍ እንዲሰማ አድርጋ። «ባ ታን! ባለህበት ሆነህ ስማ። የዚህን በጎ ሥራ ድርሻህን ውሰድ። እኩል ውሰድ።»

«መልካም ሆነ! መልካም ሆነ! መልካም ሆነ!» አለ ሕዝቡ።

መነኮሳቱ ሄዱ፤ ሰውም እየተሳቀቀ፣ አንዱ ከአንዱ ዓይን እየሸሸ ተበተነ። ኪን ሌ ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ ውኃውን ለምድር ልትሰጥ ከአጥሩ ውጭ ወጣች። መሬቱ ተሰነጣጥቆ ነበር። ጎንበስ ብላ አፈሰሰችው፤ አፈሩ ጠቆረ፣ ጠጣው። ባዶውን ሳህን ከጎኗ አስቀምጣ ቁጢጥ አለች፤ ርጥቡንም አፈር በመዳፏ፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው፣ ቀስ ብላ ቸብ ቸብ ታደርገው ጀመር።