ኔልፊ ይሰናበት የተባለበት ሳምንት

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል የሃርዊክ ቤዝቦል ቡድን ከሊጉ ግርጌ ላይ ተዘርግቶ ነበር። ከሱ በታች ማንም የለም። የቡድኑ ባለቤት የሆነው ትልቁ ክለብ ወጣቶቹን ወደዚህች የኦሃዮ ከተማ ይልካል፣ የበሰለውን ወደ ላይ ይወስዳል፣ አይበስልም ያለውን ያሰናብታል። በዚያ ዓመት ግን ወደ ላይ የሚወሰድ ጠፍቶ፣ አሠልጣኙ ሬይ ድዋየር ከሽንፈት በኋላ ለልጆቹ የሚናገረው ነገር አልቆበት ዝም ብሎ ወደ መኪናው መሄድ ጀምሮ ነበር።

ካሪን ስትራውድ የመጣችው በዚህ መሃል ነው። የትልቁ ክለብ ገምጋሚ ናት። ወቅቱ ሊያበቃ ሲል በየከተማው እየዞረች ወጣቶቹን ታያለች፣ ማን እንደሚቀጥልና ማን እንደሚሄድ ለክለቡ ትናገራለች። ከሬይ ጋር ለዓመታት ሠርተዋል፤ ይከባበራሉ፣ ይጨቃጨቃሉም። ከተመልካቾች መቀመጫ ሥር ባለችው ጠባብ ቢሮው ውስጥ ተቀመጠችና ወደ ሥራዋ ገባች።

«ብራንደን ኩሊክስ?» አለች። ኩሊክ ዋናው ወርዋሪያቸው ነው።

«ክንዱ መድፍ ነው» አለ ሬይ። «ችግሩ የት እንደሚተኩስ እሱም አያውቅ፣ ተቀባዩም አያውቅ። ባለፈው የወረወረው ኳስ የኛኑ የውሃ በርሜል ገለበጠው።»

«ፍጥነቱ ግን እንዳለ ነው?»

«እንዳለ ነው።»

«በቃ። አቅጣጫ ይማራል፤ ፍጥነት ማንም አያስተምረውም።»

«እሺ፣ አንቺ አስተምሪዋ። እኔማ ጉሮሮዬ ነቃ።»

ካሪን ፈገግ ብላ አለፈችው። «ኔልፊ ባሬራ?»

ሬይ ኮፍያውን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ። ኔልፊ ከዶሚኒካን የመጣ የሃያ ዓመት ልጅ ነው። የሚቆመው ቤዝ ከሚባሉት የሯጮች ማረፊያዎች በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ነው፤ ክፉ ክፉው ኳስ ሁሉ የሚሄደው እዚያ ስለሆነ ቦታው ንቁ ሰው ይፈልጋል። ሲመጣ ሁሉም ተስፋውን የጣለው እሱ ላይ ነበር።

«ተኝቷል» አለ ሬይ። «ኳሱ ሲመታ ቆሞ ያያል። ሌላው ሰው ሲሮጥ ነው እሱ የሚነቃው። መከርኩት፣ ጮኽኩበት፣ አስቀመጥኩት። ምንም። አንዳንድ ቀን ደግሞ ተነስቶ እንደ ነብር ይጫወታል፤ እሱ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ።»

«እንግዲህ ምን ልበል?»

«አሰናብቱት። ቦታውን ለሚፈልገው ልጅ ስጡት።»

ካሪን እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

የዚያን ዕለት ማታ በመብራት ተጫወቱ። ገና በጨዋታው መጀመሪያ ከፍ ብሎ የወጣ፣ ሕፃን የሚቀልበው ዓይነት ኳስ ወደ ኔልፊ መጣ። ኔልፊ አንገቱን ወደ ላይ አቅንቶ እጆቹን ዘርግቶ ተሽከረከረ። ኳሱ ከጀርባው ወደቀ። ከመቀመጫዎቹ መካከል አንድ ወፍራም ድምፅ «ባሬራ፣ ትራስ እናምጣልህ?» አለ፤ ሰው ሳቀ። ሬይ ኔልፊን ወዲያው ከጨዋታው አስወጣው። ካሪን ከላይ ሆና ሁሉንም አየች፣ ጠዋት ላይ ወደሚቀጥለው ከተማ ሄደች።

በማግስቱ እሑድ ነበር፤ ጨዋታውም በጠራራ ፀሐይ። አንድ ተጫዋች ታሞ ስለነበር ሬይ ሳይወድ ኔልፊን አስገባው። ልጁ በግራ ተወርውሮ ያዘ፣ በቀኝ ተወርውሮ ያዘ፣ መሬት ላይ ተቀምጦ ወርውሮ ሯጭ አስወጣ። ጓደኞቹ ጀርባውን ሲመቱለት ሬይ ብቻ ፊቱ ጠቆረ። ስለዚህ ይችላል ማለት ነው። ሲፈልግ ይችላል፤ ወቅቱን ሙሉ አልፈለገም ማለት ነው።

ሰኞ እንደገና የመብራት ጨዋታ ነበር። ሬይ ኔልፊን አጠገቡ አስቀመጠው። ተጋጣሚዎቻቸው ወርዋሪ ሲቀይሩ፣ ነገር ሊፈልገው ፈለገና፣

«ማነው የሚመጣው? ቦርዱን አይተህ ንገረኝ» አለው።

ኔልፊ ሜዳው ማዶ ወዳለው፣ የተጫዋቾች ስም ወደሚበራበት ትልቅ ቦርድ ዞረ። ዓይኑን አጠበበ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ካስቲዮ ዞረ። ካስቲዮ ሁለተኛው ቤዝ ላይ የሚቆም፣ አፉ የማያርፍ የኒውዮርክ ልጅ ነው። እሱም በከንፈሩ አንድ ስም አንሾካሾከለት።

«የጠየቅኩት አንተን ነው» አለ ሬይ። «ጨዋታውን እንኳ አትከታተልም? ተራው እስኪደርስ ተኛ ነው እንዴ የተባልከው?»

ኔልፊ አቀረቀረ።

«ኮች፣ ይተዉት» አለ ካስቲዮ።

«አንተ ዝም በል። ኔልፊ፣ ቦርዱ ላይ ምንድነው የተጻፈው?»

ልጁ ጓንቱን ጭኑ ላይ ያገላብጥ ጀመር። «ብርሃን ነው የሚታየኝ» አለ።

«ምን ማለት ነው ብርሃን?»

«ጽሑፉ አይታየኝም። ሲመሽ ሁሉም ነገር ይቀላቀልብኛል፤ ኳሱም ይጠፋል። ድምፁን ሰምቼ ነው የምሄደው። ካስቲዮም ግራ ቀኝ እያለ ይነግረኛል።»

ሬይ ወደ ካስቲዮ ዞረ። «አንተ ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አስምሎኛላ፣ ኮች። በእናቴ ነው ያስማለኝ።»

ሬይ ተነስቶ ሁለት እርምጃ ሄዶ ተመለሰ። «ስትፈርም ዓይንህን አልመረመሩህም?»

«መርምረውኛል። ከፊቴ የነበረው ልጅ ፊደሎቹን ሲያነብ ሰምቼ በቃሌ ያዝኩት።» ኔልፊ ቀና አለ። «ያኔ እንዲህ አልከፋም ነበር። በኋላ ሲብስብኝ ደግሞ ፈራሁ። የአክስቴ ልጅ ሌላ ክለብ ነበር። ክንዴን አመመኝ አለ፤ ሳምንት ሳይሞላው አገር ቤት መለሱት። አሁን ጀልባ ይቀባል።»

ያን ጨዋታም ተሸነፉ። ሬይ ልብሱን ሳይቀይር ለካሪን ደወለ።

«ዓይኑ ነው» አላት።

«የማን ዓይን?»

«የኔልፊ። አያይም ልጁ። በመብራት ጭራሽ አያይም።»

ካሪን ያለችው ሌላ ከተማ ነው። ከጀርባዋ የሆነ የሜዳ ጫጫታ ይሰማል። «ሬይ፣ ተኝቷል ያልከኝ አንተ ነህ እኮ። ያንተን ቃል ይዤ ይሰናበት ብዬ ተናግሬያለሁ።»

«መልሺዋ።»

«ምን ብዬ? አሠልጣኙ ወቅቱን ሙሉ አጠገቡ ቆሞ አልታየውም ልበል?»

«በይ። እንደሱ በያቸው።»

«እነሱ ደግሞ የቀረው የጥቂት ቀን ጨዋታ ምን ያሳያል ይሉኛል። ትክክል ናቸው።»

«የነበረውስ ምን ያሳያል? ዓይነ ስውር ስንገመግም ነው የከረምነው!»

ካሪን ተነፈሰች። «ለመጨረሻው ጨዋታ እመጣለሁ። ከዚያ በላይ ቃል አልገባም።»

በማግስቱ ሬይ ልጁን ራሱ ይዞት ወደ ዓይን ሐኪም ሄደ። ሐኪሟ መርምራው ስትጨርስ ወደ ሬይ ዞረች። «መኪና ይነዳል?»

«አይነዳም። በብስክሌት ነው።»

«ይሄ መልካም ዜና ነው» አለች።

ሐኪሟ ያዘዘችው መነጽር ደርሶ፣ ከኋላ በሚለጠጥ ማሰሪያ ጭንቅላቱ ላይ ጠብቆ ሲታሰርለት ኔልፊ በመጀመሪያ ያየው ሬይን ነው። ረጋ ብሎ አየው።

«ኮች፣ እንዲህ ያረጁ አይመስለኝም ነበር።»

ሬይ ስንት ጊዜ ሳይስቅ ከርሞ ሳቀ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየለትም። ኔልፊ በመብራት ኳስ መያዝ ቻለ፤ እሱስ አልቀረም። ዱላ ሲይዝ ግን ነገሩ ተበላሸ። ድሮ ጥላዋን አይቶ በግምት ይመታት የነበረችው ኳስ አሁን ከነስፌቷ እየተሽከረከረች ትታየዋለች፣ እሱም ቆሞ ያያታል። ዳኛው ውጣ ሲለው ደንግጦ ይመለሳል።

«ምታት እንጂ! ኤግዚቢሽን ነው እንዴ የመጣኸው?» ይለዋል ሬይ።

«ቶሎ ትደርሳለች። ድሮ እንዲህ ቶሎ አትደርስም ነበር።»

«ድሮማ ከደረሰች በኋላ ነበር የምታያት!»

በመጨረሻው ጨዋታ ካሪን መጥታ ከተቀባዩ ጀርባ ተቀመጠች። ኩሊክ እሷ መኖሯን ስላወቀ ባለ በሌለ ኃይሉ ወረወረ፤ የመጀመሪያውን መቺ ትከሻውን መታው፣ ሁለተኛውን በተሳሳተ ውርወራ በነፃ ወደ ቤዝ አሳለፈ። ሦስተኛው የመታው ኳስ መሬት ለመሬት እየጋለበ ወደ መሃል ሲሄድ ኔልፊ ማንም ግራ ቀኝ ሳይለው ተወርውሮ ያዘው። በጉልበቱ ሆኖ ለካስቲዮ ወረወረ፣ ካስቲዮ ወደ አንደኛው ቤዝ፤ ሁለት ሯጭ ባንዴ ከጨዋታ ወጣ። ያ ባለወፍራም ድምፅ ተመልካች እንኳ አጨበጨበ። በዱላ ግን በተራው ሁሉ ባዶውን ተመለሰ። ኩሊክም የያዘውን ጨዋታ መልሶ በተነው፣ ቡድኑም ወቅቱን እንደጀመረው በሽንፈት ዘጋ።

ካሪን ወደ ቢሮው ገብታ በሩን ዘጋች። «ኩሊክ በሚያዝያ ወደ ላይ ይወጣል።»

«ዛሬ ያየሽውን አይተሽ?»

«ፍጥነቱን አየሁ። እነሱ የሚጠይቁኝ እሱን ነው።»

«ኔልፊስ?»

«መሰናበቱን አስቁሜያለሁ። በየካቲት ለልምምድ ይምጣ። ቦታ ግን አልያዙለትም። ካልመታ እዚያው ያሰናብቱታል።»

«መነጽር ካደረገ ገና ሳምንቱ ነው፣ ካሪን።»

«አውቃለሁ። ይቺንም ያገኘሁት ተጨቃጭቄ ነው። አንተ ደግሞ አልረዳኸኝም፤ የመጀመሪያው ቃልህ እስካሁን እነሱ ጋ አለ።»

ሬይ ተነስቶ ወጣ። ወደ ልብስ መቀየሪያው ሲሄድ ኔልፊ ሻንጣውን እየሞላ አገኘው። ሁሉንም ሳይቀባባ ነገረው። ያመሰግነኛል ብሎ ጠብቆ ይሆናል። ልጁ ግን ጫማውን በጋዜጣ እየጠቀለለ፣

«ተኝቷል ያሉት እርስዎ ነዎት ይባላል» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«በጋውን ሙሉ ይጮሁብኝ ነበር። አንድ ቀን ምን ሆነህ ነው አላሉኝም።»

«ብጠይቅህ ትነግረኝ ነበር?»

ኔልፊ አሰበበት። «አልነግርዎትም ነበር» አለ። «ግን ቢጠይቁኝ ጥሩ ነበር።»

ሬይ ኮፍያውን አወለቀ። ይቅርታ የሚለው ቃል አፉ ላይ መጣ፤ ወጣለትም፤ ግን ለጫማዎቹ የተናገረው ይመስል ወደ መሬት እያየ ነበር። ኔልፊ ራሱን ነቀነቀ፣ ሻንጣውን ዘጋ። ከዚያ ነው ሬይ ልጁን ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስደው መኪና ስንት ሰዓት እንደሚመጣ የጠየቀው።

ጠዋት ሜዳው ግማሹ በሸራ ተሸፍኖ ነበር። ሬይ አንድ ባልዲ ኳስ አወጣና ያረጀ ክንዱን አሟሙቆ መኪናው እስኪመጣ ለኔልፊ ይወረውርለት ጀመር። ኔልፊ ሳተ። ደግሞ ሳተ። አንዱን ጫፉን ነክቶ ወደ ኋላ ሰደደው።

«ዘገየህ» አለ ሬይ።

«አውቃለሁ።»

«ካወቅክ ለምን ትዘገያለህ?»

«ኮች፣ ይወርውሩ ዝም ብለው።»

ወረወረ። ሬይ ትከሻው እየጠዘጠዘው፣ ልጁ ጥርሱን ነክሶ፣ ሁለቱም ተናደው፣ ባልዲው ባዶ ሲሆን አብረው እየለቀሙ እንደገና ሞሉት። ከአጥሩ ውጭ የመኪናው ጥሩምባ ጮኸ። ኔልፊ ዱላውን አልጣለም።

«አንድ ይጨምሩልኝ» አለ፤ ሬይም ጨመረለት፤ ያንንም ሳተው።